ለ24 እንግዶች የረፋድ ግብዣ፦ አሥራ አራት ዓይነት ምግብ ወይስ ሁለት?

ጥያቄ፦ «በመጪው እሑድ ከረፋዱ 4፡30 ላይ 24 ሰዎችን ብራንች ጋብዣለሁ። ከመካከላቸው ከስፖርት ልምምድ በቀጥታ የሚመጡ አራት ጎረምሶች፣ ስድስት ልጆች፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይበሉ ሁለት ሰዎች፣ ሴልያክ የተባለ የአንጀት ሕመም ስላለባት በሐኪም ትእዛዝ ስንዴ የተከለከለች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እንዲሁም ወተት የማይስማማው ወንድሜ ይገኙበታል። ባለፈው ዓመት 15 ሰው ጋብዤ ለእያንዳንዱ እንደ ምርጫው እንቁላል ስጠብስ አንድም ጊዜ ሳልቀመጥ እንግዶቹ ሄዱ። ጎረምሶቹም ሥጋውን ቀድመው ስለጨረሱት ዘግይተው የመጡት ዳቦና ማርማላታ ቀምሰው ተመለሱ። ዘንድሮ አሥራ አራት ዓይነት ምግብ የያዘ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ፤ እኅቴ ግን ‹ሁለት ዓይነት በትልልቅ ድስት ሠርተሽ ተገላገይ› ትለኛለች። ያለኝ አንድ ኦቨንና ባለ አራት ዓይን ምድጃ ነው። ማንኛችን ነን ልክ? ደግሞስ እንግዶቹ ‹ምን ይዘን እንምጣ?› ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ? ዝርዝሩን አያይዣለሁ።» — ከምድጃ ያልተላቀቀችው

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ዝርዝርዎን መጀመሪያ እንደ እንግዳ ሆኜ አነበብኩትና ምራቄን ዋጥኩ፤ ቀጥሎ እንደ አብሳይ ሆኜ ሳነበው ግን ላብ አጠመቀኝ። ከአሥራ አራቱ አምስቱ እንቁላል ናቸው፤ ጥብስ፣ ፍርፍር፣ ኦምሌት፣ ቅቅልና በኦቨን የሚጋገር። አራቱ ጣፋጭ የዱቄት ሥራዎች ናቸው፤ ፓንኬክ፣ ኬክ፣ ማፊንና ጣፋጭ ዳቦ። የቀሩት አምስቱ ቋሊማ፣ የኦቨን ድንች፣ የተከተፈ ፍራፍሬ፣ የቅጠል ሰላጣና ዳቦ ከማርማላታ ጋር ናቸው። ስለዚህ ስሙ አሥራ አራት ቢሆንም አብዛኛው ወይ እንቁላል ነው ወይ ስኳር የገባበት ዱቄት። ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይበሉት ሁለቱ እንግዶችዎ ከዚህ ሁሉ መካከል ድንች፣ ቅጠል፣ ፍራፍሬና ዳቦ ብቻ ይደርሳቸዋል፤ እስከ ቀትር በኋላ የሚያቆይ፣ ሆድ የሚይዝ ነገር ግን አልታሰበላቸውም። በሌላ በኩል ጥብሱ፣ ፍርፍሩ፣ ኦምሌቱ፣ ፓንኬኩና ቋሊማው እንግዳ ከተቀመጠ በኋላ ከፊታቸው ቆሞ የሚያገላብጣቸው ሰው ይፈልጋሉ። አምስት መጥበሻ አራት ዓይን ባለው ምድጃ ላይ አይጣድም፤ ቢጣድ እንኳ እጅዎ ሁለት ብቻ ነው።

እኅትዎ የሥራውን ክብደት በማየታቸው ልክ ናቸው፤ እርስዎም ሁሉም እንግዳ የሚበላው ነገር እንዲያገኝ በመጨነቅዎ ልክ ነዎት። ሁለታችሁም የሳታችሁት ነገር ግን አለ፤ እርሱም የማዕድ ልዩነት በምግቦቹ ቁጥር እንደሚለካ መቁጠራችሁ ነው። ገበታን የተለያየ የሚያደርገው ከጨዋማው ጎን ጣፋጭ፣ ከትኩሱ ጎን ቀዝቃዛ፣ ከለስላሳው ጎን ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ፣ ከከባዱ ጎን አፍ የሚያጥብ ቀላል ነገር መገኘቱ ነው። ሁለት ዓይነት ምግብ ይህን ሁሉ ሊሸፍን አይችልም፤ አሥራ አራትም አያስፈልገውም። እንደ እርስዎ ላለው 24 ሰው ከዳቦው ሌላ ዘጠኝ ይበቃል፤ ከዘጠኙም በዕለቱ ጠዋት እሳት የሚነካቸው ሦስት ብቻ መሆን አለባቸው።

ዝርዝሩን ከመነካካታችን በፊት አንድ ጨዋታ ይፍቀዱልኝ። «ብራንች» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ቁርስና ምሳ የሚሉትን ሁለት ቃላት አጋጭቶ እ.ኤ.አ. በ1895 በጽሑፍ ያስተዋወቀው ጋይ ቤሪንገር የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ነው። ሰውየው ለዚህ ማዕድ የተሟገተው ስለ ምግቡ ብዙ ተጨንቆ አልነበረም፤ በእሑድ ጠዋት ማልዶ መነሣትን ያስቀራል፣ ሰውንም ያጫውታል ብሎ ነው። እርስዎ ግን ባለፈው ዓመት ማልደው ተነሥተው ከማንም ጋር ሳይጫወቱ ዋሉ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከረፋዱ 4፡30 ላይ ሳህንዎን ይዘው እንዲቀመጡ ታስቦ የተጻፈ ነው።

አሁን ቀዩን እስክሪብቶ ላንሣ። ጥብሱና ኦምሌቱ ይሰረዙ፤ አንድ ኦምሌት ሦስት ደቂቃ ቢወስድ ሃያ ኦምሌት አንድ ሰዓት ነው፤ የመጀመሪያው እንግዳ በልቶ ሲጨርስ የመጨረሻው ገና ይጠብቃል። ፍርፍሩም ይሰረዝ፤ በዚህ ላይ የምናገረው ከደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ለሠላሳ ሰው በትልቅ ድስት እንቁላል ፍርፍር ሠራሁና እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ከድኜ በስሱ እሳት ላይ አቆየሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክዳኑን ስከፍት ያ ቢጫ እንቁላል አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ ሆኖ፣ ከሥሩ ውኃ አቁሮ፣ ሽታውም የክብሪት ጭስ መስሎ ጠበቀኝ። አልተበላሸም ነበር፤ እንቁላል ሙቀት ላይ ሲቆይ ከነጩ ክፍል የሚወጣው ድኝ ያለበት ጋዝ በአስኳሉ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ስለሚዋሐድ የሚፈጠር ቀለም ነው፤ በጣም በተቀቀለ እንቁላል አስኳል ዙሪያ የምናየው አረንጓዴ ቀለበትም ይኸው ነው። ይሁንና ይህን ለሠላሳ የተራበ ሰው ቆሞ ማስረዳት አይቻልም፤ ሁሉም በማንኪያው ነካ ነካ እያደረገ አለፈው።

በእነዚህ ሁሉ ፋንታ እንቁላሉ በኦቨን ይጋገር። 23 በ33 ሴንቲሜትር የሆነ መጋገሪያ 12 እንቁላል ይይዛል፣ አሥራ ሁለት ቦታም ይቆረጣል፤ ስለዚህ ሁለት መጋገሪያ ለ24 ሰው ይደርሳል። አንደኛውን በእንጉዳይ፣ በስፒናችና በቺዝ ይሥሩት፤ እዚህ ላይ 240 ሚሊ ሊትር ወተት ከእንቁላሉ ጋር ይመታል። ሁለተኛውን ያለ ወተትና ያለ ቺዝ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በቲማቲም ይሥሩት፤ ይህ ወንድምዎ ያለ ሥጋት የሚበላው ይሆናል። (እንቁላል ከወተት ጋር በአንድ መደርደሪያ ስለሚሸጥ ብዙ ሰው የወተት ተዋጽኦ ይመስለዋል፤ አይደለም።) በሁለቱም ውስጥ ዱቄት ወይም ዳቦ አይግባ፤ ባልደረባዎ ከየትኛውም ማንሣት ትችላለች። አንድ ነገር ግን አይዝለሉ፤ አትክልቱ ቅዳሜ ማታ በመጥበሻ ላይ ውኃው እስኪተን ድረስ ተቁላልቶ ማደር አለበት። ጥሬው ከገባ እንጉዳዩና ቲማቲሙ በኦቨን ውስጥ ውኃቸውን ይለቁና የተጋገረው እንቁላል ሲቆረጥ ሳህን ላይ ያለቅሳል።

ቅቅል እንቁላል በዝርዝሩ ይቆይ፤ አሥራ ሁለት ይበቃል፤ ቅዳሜ ተቀቅሎ ከነልጣጩ በፍሪጅ ያድራል። ለዚህ ከሳምንት በላይ የቆየውን እንቁላል ይምረጡ። እንቁላል ሲቆይ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያጣ ነጩ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ሽፋን ጋር አጥብቆ አይያያዝም፤ ትኩስ የተጣለ እንቁላል ሲላጥ ግማሽ ሥጋው ከልጣጩ ጋር የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። በሚፈላ ውኃ ውስጥ 11 ደቂቃ ቆይቶ ወዲያው በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ ቢገባ ያ አረንጓዴ ቀለበት አይመጣም።

ቀጥሎ ከዝርዝርዎ ጨርሶ ያጣሁትን ላስገባ፤ ቦሎቄ። በቲማቲም ስልስ የተሠራ ቦሎቄ ሆድ ይይዛል፣ ከእንስሳት የሚገኝ የለበትም፣ ስንዴም ወተትም የለበትም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማግሥቱ ይበልጥ ይጣፍጣል። አንድ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ተዘፍዝፎ ሲበስል ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ለ24 ሰው እንደ አንድ ጎን ምግብ ይደርሳል። ዓርብ ማታ ይዘፍዝፉት፣ ቅዳሜ የዘፈዘፉበትን ውኃ ደፍተው በአዲስ ውኃ ይቀቅሉት። ቀዩን ቦሎቄ ከመረጡ ከምር እየተንተከተከ ቢያንስ 10 ደቂቃ መፍላት እንዳለበት አይርሱ፤ በጥሬው ውስጥ ያለውና ሆድ አገላብጦ የሚያስመልሰው ሌክቲን የተባለ ንጥረ ነገር የሚጠፋው በጠንካራ ፍላት እንጂ በስሱ እሳት ቀስ ብሎ በመሞቅ አይደለም። ስልሱ በዘይት ይቁላላ፤ ቅቤ ጠብ ካለበት ሁለቱ እንግዶች ተመልሰው ድንች ላይ ይቀራሉ።

ድንቹ ይኑር፤ መጠኑ ግን ይታሰብበት። ለአንድ ሰው 200 ግራም ብለን ብንነሣ ወደ 5 ኪሎ ይመጣል፤ ይህን ያህል ድንች በቤት ኦቨን በአንድ ዙር አይጠበስም። ድንች በትሪ ላይ ተደራርቦ ሲገባ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ትንሽ መራቅ አለበት። ስለዚህ 2 ኪሎ ተኩል በሁለት ትሪ ይጠበስ፤ የቀረው 2 ኪሎ ተኩል ቅዳሜ ተቀቅሎ በዘይት፣ በሎሚ፣ በቀይ ሽንኩርትና በተከተፈ ፐርስሜሎ ተለውሶ በቀዝቃዛው ይቅረብ። ሊቀርብ ሲል ብቻ ጨውና ሎሚውን ቀምሰው ያስተካክሉ፤ ቀዝቃዛ ምግብ ከትኩሱ ይልቅ ጨው ይፈልጋል። እንዲህ ሲሆን አንድ ዓይነት አትክልት ሁለት የተለያየ ምግብ ሆኖ ሳለ ኦቨኑ ላይ የሚወድቀው ጫና በግማሽ ይቀንሳል፤ ከሁለቱ አንዱን የሚያልፍ ሰው ሌላውን ያነሣል።

ቋሊማውን በተመለከተ፣ ለጎረምሶቹ ያሰቡት መሆኑ ገብቶኛል። ነገር ግን ጠዋት የሚጠበስ ሥጋ አንድ ምድጃና አንድ ሰው ይይዛል። በፋንታው ቅዳሜ የተጠበሰ፣ ከአጥንት ተለይቶ በስሱ የተቆረጠ ዶሮ ከፍሪጅ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ይቅረብ፤ 2 ኪሎ ያህል የተጣራ ሥጋ ይበቃል። ሲጠበስ መካከሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን በምግብ ቴርሞሜትር ያረጋግጡ። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ለዚህ ግብዣ ብለው ይግዙ፤ ከአዲስ የሳህን ስብስብ ይልቅ ይጠቅምዎታል።

ከአራቱ ጣፋጮች አንዱን ብቻ ያስቀሩ፤ እኔ ኬኩን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ቅዳሜ ተጋግሮ ሲያድር አይጎዳም። ማፊኑና ጣፋጭ ዳቦው ከኬኩ የሚለዩት በቅርጽ ነው፤ ፓንኬኩ ደግሞ ከመጥበሻው በወጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተበላ ጎማ ይሆናል። ልጆቹ እንዳያኮርፉ ይሰጉ ይሆናል፤ ኬክ ያየ ልጅ ስለ ፓንኬክ አይጠይቅም። ከኬኩ ጎን እርጎ በትልቅ ሳህን፣ በድስት ቆላ ተደርጎ ማር የነካው አጃ ደግሞ በሌላ ሳህን ይቀመጥ፤ አጃው እርጎው ላይ ቀድሞ ከተነሰነሰ መንኮሻኮሹን ትቶ ገንፎ ይሆናል። ባልደረባዎ አጃውን እንዳታነሣ ይንገሯት፤ አጃ ራሱ ስንዴ ባይሆንም በእርሻም ሆነ በወፍጮ ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ ለይቶ ካልተዘጋጀ ለእርሷ አይሆንም።

ፍራፍሬው ለአንድ ሰው 150 ግራም ተቆርጦ፣ በጠቅላላው 3 ኪሎ ተኩል ያህል ይሁን። ሀብሐብና አናናስ ልጣጫቸው ብዙ ስለሆነ ሲገዙ 6 ኪሎ ገደማ ቢያስቡ አይከፋም። ከእነዚህ ጋር ብርቱካንና ወይን ይጨመር፤ ፖምና ሙዝ ግን ተቆርጠው አየር ሲነካቸው በውስጣቸው ባለ ኢንዛይም ምክንያት ስለሚጠቁሩ በሳህኑ ውስጥ አይግቡ። ሙዙ ከነልጣጩ በጎን ይቀመጥ፤ ጎረምሶቹ ያገኙታል። የቅጠል ሰላጣውን ይተዉት። በ24 ሰው ሰልፍ ውስጥ ሎሚና ጨው የነካው ቅጠል በግማሽ ሰዓት ይጠወልጋል፤ የተቆረጠ ኪያርና ቲማቲም ከዳቦው ጎን ቢቀመጥ ሥራውን ይሠራል።

ዳቦ ለአንድ ሰው ሁለት ተኩል ቁራጭ ያስቡ፤ ወደ 60 ቁራጭ ነው። ቶስት እናድርግ የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ያባርሩት፤ ሁለት ሁለት ቁራጭ እያለ የሚያወጣ መጥበሻ ፊት ሃያ አራት ሰው ሲሰለፍ ያየ ያውቀዋል። በዳቦው ዙሪያ አንድ ጥንቃቄ አለ። ባልደረባዎን የሚያሳምማት ዳቦውን መብላት ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሰው ዳቦ የቀባበት ቢላዋ ተመልሶ ማርማላታው ውስጥ ሲገባ የሚተወው ፍርፋሪም ነው። ማርማላታውን ተጠግተው ቢያዩት ከግማሽ ሰዓት በኋላ በላዩ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ተበትኖ ያገኛሉ። ስለዚህ የእርሷን ማርማላታና ቅቤ በትንሽ ሳህን ለይተው ያስቀምጡላት፣ ከሰልፉም በፊት እንድታነሣ ይጋብዟት፤ ዳቦውም የሚቀመጠው ከሌሎቹ ምግቦች ራቅ ብሎ ይሁን። ይህን ሁሉ ሰው ፊት ሳያውጁ ቀደም ብለው በስልክ ቢነግሯት ደግሞ አትሳቀቅም።

የእሑድ ጠዋትዎ እንዲህ ሊሄድ ይችላል። እንቁላሉ ቅዳሜ ማታ ተመትቶ በጆግ ፍሪጅ ውስጥ አድሯል፤ ድንቹ ተቆራርጦ፣ ለአምስት ደቂቃ በጨው ውኃ ቀቀል ተደርጎ፣ ውኃው ጠፍፎ አድሯል። ከጠዋቱ 2፡10 ላይ ኦቨኑን 220 ዲግሪ ላይ ያቀጣጥሉ፤ 2፡30 ላይ ሁለቱ የድንች ትሪዎች በዘይት ተለውሰው ይግቡ፤ በመካከሉ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ያዛውሩ። 3፡15 ላይ ድንቹን አውጥተው ሙቀቱን ወደ 180 ያውርዱ፣ አትክልቱ በመጋገሪያዎቹ ውስጥ ተነጥፎ እንቁላሉ በላዩ ፈስሶ ይግባ። ሁለት መጋገሪያ አንድ ላይ ሲገባ ከአንዱ ይልቅ ስለሚዘገይ 45 ደቂቃ ይስጡት፤ መካከሉ ሲነካ ትንሽ ብቻ የሚንቀጠቀጥ፣ ቴርሞሜትሩም 71 ዲግሪ የሚያሳይ ከሆነ በስሏል። 4፡00 ላይ ወጥቶ በፎይል ተሸፍኖ ይረፍ፤ ወዲያው ሲቆረጥ ይፈራርሳል። ድንቹ 4፡10 ላይ እንደገና በ220 ዲግሪ ለአሥር ደቂቃ ገብቶ ከሽ ከሽ ይበል። ቦሎቄው ከ3፡45 ጀምሮ በምድጃ ላይ እየተንተከተከ ይሙቅ። በዚህ ሁሉ መካከል ከ3፡20 እስከ 4፡00 ድረስ የሚጠብቅዎት ሥራ የለም ማለት ይቻላል፤ ገላዎን ይታጠቡ።

የተራበ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ከመጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ነው። አንዱ 4፡15 ይደርሳል፣ ሌላው 4፡50፤ ጎረምሶቹ ደግሞ ከሜዳ ሲመጡ ኩሽናዎን ሰብረው ይገባሉ። ስለዚህ ከ4፡10 ጀምሮ በበሩ አጠገብ ባለ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ቅቅል እንቁላሉን ተልጦና ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ሙዙንና ጥቂት ዳቦ ያስቀምጡ። አንድ እንቁላልና አንድ ሙዝ የቀመሰ ጎረምሳ ትልቁ ገበታ ሲከፈት እንደ ሰው ይሰለፋል።

በትልቁ ጠረጴዛ ላይ አቀማመጡ የባለፈውን ዓመት ችግር ይፈታል። ሳህኑ ከመነሻው ይደርደር፣ ሹካና ቢላዋው በናፕኪን ተጠቅልሎ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ በአንድ እጁ ሳህን የያዘ ሰው መጀመሪያ ላይ ሹካ ሲያነሣ ምግቡን በምን ሊጨልፍ ነው? ከሳህኑ ቀጥሎ ሁለቱ ድንቾችና ቦሎቄው፣ ከዚያ የተጋገረው እንቁላል፣ ዶሮው ግን ከሁሉም ኋላ ይቀመጥ፤ ሳህን ሞልቶ ከመጣ በኋላ ለሥጋ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። ከዶሮውም ግማሹ ብቻ ይውጣ፣ ግማሹ በፍሪጅ ይቆይ፤ ዘግይተው ለሚመጡት ከ5፡15 በኋላ አዲስ ሳህን ሆኖ ይቀርባል። አዲሱን ምግብ ባዶ በቀረው አሮጌ ሳህን ላይ አይጨምሩ፤ አሮጌው ከነቅሪቱ ይነሣ። መጠጥ በሌላ ጠረጴዛ ላይ ራቅ ብሎ ይሁን፤ ቡና የሚቀዳ ሰው ሰልፉን ሙሉ ያቆማል።

ይህን ቀዝቃዛ ምግብ ሁሉ ስለምመክርዎ የጊዜውን ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ጀርሞች በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዶሮ፣ እንቁላልና እርጎ በጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆዩ፣ ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ቅዳሜ የሚሠሩት ቦሎቄም በትልቁ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ቢገባ መካከሉ እስኪቀዘቅዝ ሌሊቱ ይጋመሳል፤ ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ዕቃዎች ተከፋፍሎ ይግባ። ከግብዣው የተረፈውም እንደዚሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከገባ ሦስት ቀን ይበላል።

ስለ መጠጥ አጭር ልበል። ከ24ቱ አሥራ ስድስት ያህሉ ሁለት ሁለት ስኒ ቡና ይጠጣሉ ብንል፣ ስኒው 150 ሚሊ ሊትር ከሆነ ወደ 5 ሊትር ነው፤ ለአንድ ሊትር ውኃ 60 ግራም የተፈጨ ቡና ሂሳብ ተደርጎ 300 ግራም ይበቃል። ተፈልቶ በፔርሙዝ ይቀመጥ፤ እሳት ላይ የሚቆይ ቡና ይመርራል። ጭማቂ ለሰው 200 ሚሊ ሊትር፣ ውኃ ደግሞ ያለ ልክ።

«ምን ይዘን እንምጣ?» ለሚሉት ደስ ብሎዎት መልስ ይስጡ፤ «ምንም» ማለት ጨዋነት ቢመስልም እንግዳው ያሻውን ይዞ እንዲመጣ ይለቀዋል፤ ያኔ ሦስት ኬክ ይሰበሰባል። ዳቦውን፣ ጭማቂውን፣ የተቆረጠውን ፍራፍሬ ለሰው በስም ያከፋፍሉ፤ ዳቦ የሚያመጣው ሰው ግን ቀድሞ የሚደርስ ይሁን። ትኩስ ምግብ ይዘው ለመምጣት የሚያስቡትን በትሕትና ይከልክሉ፤ «ትንሽ ብቻ ላሙቀው» ብሎ ትሪ ይዞ የሚገባ ወዳጅ ቢመጣ ከ4፡10 እስከ 4፡20 ኦቨኑ በድንች ተይዟል።